ከጠባቡ በር የሚሰፍር ትል፦ የፈረስ ኮሶ ትልና የአንጀት ጤና

የፈረስ ኮሶ ትሎች በሳይንሱ ዓለም ከታወቁ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቢሆናቸውም፣ ጉዳታቸው በቁም ነገር መመርመር የጀመረው ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው። ከመካከላቸው በብዛት የሚገኘውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ አኖፕሎሴፋላ ፐርፎሊያታ የሚባለውን ዝርያ፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌዝ እ.ኤ.አ. በ1782 ስም ሰጥቶ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ ግን ትሉ ለረዥም ጊዜ እንደ ተራ ነገር ሲታይ ቆየ፤ ምክንያቱም በቄራዎች በታረዱና ምንም ሕመም ባልታየባቸው ፈረሶች አንጀት ውስጥ ተደጋግሞ ስለሚገኝ፣ የጥገኛ ትል ባለሙያዎች አብሮ ለመኖር የተስማማ፣ ጉዳቱም እዚህ ግባ የማይባል አድርገው ቆጠሩት። ይህ አስተሳሰብ አንድ መሠረታዊ ነገር ዘንግቶ ነበር። ትሉ በብዙ ጤነኛ ፈረሶች ውስጥ መገኘቱ የሚያሳየው ጥቂት ትሎች እንደማይገድሉ እንጂ፣ ብዙዎች በአንድ ጠባብ ቦታ ሲከማቹ የሚሆነውን አይደለም። የዚህ ትል አደጋ ከርዝመቱም ከሚመገበው ምግብም ሳይሆን ከሚሰፍርበት ቦታ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ያንን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈረስ የማያመሰኳ ሣር በል እንስሳ ነው። በሬና በግ ሣሩን ከዋናው ጨጓራ በፊት ባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ሲያብላሉ፣ ፈረስ ግን ይህንን ሥራ የሚያከናውነው ከትንሹ አንጀት በኋላ በሚገኘው የትልቁ አንጀት ክፍል ነው። ምግቡ ከጨጓራ ወጥቶ ሃያ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ትንሹን አንጀት ካቋረጠ በኋላ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ሠላሳ ሊትር ገደማ ሊይዝ ወደሚችለው ዕውር አንጀት ይገባል። ዕውር አንጀት የተባለው አንደኛው ጫፉ የተደፈነ ከረጢት ስለሆነ ሲሆን፣ በውስጡ የሚኖሩት እልፍ አእላፍ ረቂቅ ሕዋሳት የሣሩን ገለባማ ክፍል አፍልተው ለፈረሱ ጉልበት ወደሚሆን ንጥረ ነገር ይለውጡታል። ወደዚህ ከረጢት የሚያደርሰው የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ኢሊየም ይባላል፤ ግድግዳው ከሌላው የትንሹ አንጀት ክፍል ይልቅ በጡንቻ የወፈረ፣ መክፈቻውም ጠባብ ነው። በዚህ መክፈቻ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው የምግብ መጠን እየተመጠነ፣ የኋሊት መመለሱም እየተከለከለ ስለሚሄድ፣ በሩ በትክክል መከፈትና መዘጋት ካቃተው ችግሩ ወደኋላ ተመልሶ ትንሹን አንጀት በሙሉ ሊያስጨንቅ ይችላል። ፈረስ ማስመለስ የማይችል እንስሳ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ የታገደው ምግብና ፈሳሽ በአፍ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለ ጨጓራው እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል።

አኖፕሎሴፋላ ፐርፎሊያታ የሚሰፍረው እዚሁ በር ዙሪያ ነው። ትሉ ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለና እንደ አብዛኞቹ የኮሶ ትሎች በብዙ ክፍልፋዮች የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ወርዱም ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግቡን በመላ ቆዳው ይመጠዋል። በራሱ ላይ መንጠቆ የለውም፤ ያለው አራት ጠንካራ መምጠጫ ጽዋዎች ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸውም በስተኋላ እንደ ትንሽ ጆሮ የተንጠለጠለ ሥጋ ይታያል፤ ዝርያው ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ነው። ሌላው የፈረስ ኮሶ ትል አኖፕሎሴፋላ ማግና እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ሲችል፣ ሦስተኛውና አኖፕሎሴፋሎይደስ ማሚላና የሚባለው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት በትንሹ አንጀት ውስጥ ሲሆን ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸሩ በብዛትም በጉዳትም ያነሱ ናቸው። ትልቁ ዝርያ ብዙም ሳይጎዳ አጭሩ ሕይወት እስከማጥፋት መድረሱ፣ ጥገኛ ትልን በርዝመቱ ለመመዘን ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ አንባቢ አእምሮ ውስጥ ኮሶ የሚለው ስም ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣው የሰው ኮሶ ትል ነው፤ እርሱም ጥሬ የበሬ ሥጋ በመብላት የሚተላለፍ፣ ርዝመቱም በሜትር የሚቆጠር፣ ቀድሞ በኮሶ ዛፍ አበባ ሲታከም የኖረ ሌላ ዝርያ ነው። ከፈረስ ኮሶ ትል ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የለም፤ ፈረስም ከሰው ኮሶ አይያዝም። የሁለቱ የሕይወት ዑደት ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። አብዛኛው የኮሶ ትል ከአንድ በላይ እንስሳ ውስጥ ተራ በተራ ማደግ ስለሚገባው፣ ዕጩ ትሉን ለጊዜው የሚይዝ መካከለኛ አስተናጋጅ፣ አድጎ እንቁላል የሚጥልበት ደግሞ ዋና አስተናጋጅ ያስፈልገዋል። በሰው ኮሶ ረገድ መካከለኛው አስተናጋጅ ከብት፣ ዋናው ሰው ነው። ፈረስ ግን ሥጋ አይበላም። ታዲያ ትሉ ከየት ይገባበታል የሚለው ጥያቄ የጥገኛ ትል ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አስጨንቋል።

መልሱ የተገኘው በበግና በከብት በኩል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆራስ ስታንካርድ እ.ኤ.አ. በ1937 የበጎች ኮሶ ትል መካከለኛ አስተናጋጅ በአፈርና በሣር ሥር የሚኖር፣ ከመዥገር ወገን የሆነ ስምንት እግር ያለው ደቃቅ ፍጥረት መሆኑን አሳወቀ። ኦሪባቲድ ማይት የሚባለው ይህ ፍጥረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ እንደ መዥገር ደም አይመጥም፣ የሚመገበው የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ነው። ዘግይቶ እንደተረጋገጠው የፈረስ ኮሶ ትልም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። የበሰለው የትሉ ክፍልፋይ ተቆርጦ ከፋንድያ ጋር ሲወጣ ይፈራርስና እንቁላሎቹን ይበትናል፤ በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥም ስድስት መንጠቆ ያለው ፅንስ አለ። ማይቱ እንቁላሉን ሲበላ ፅንሱ በሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ከሁለት እስከ አራት ወራት በሚደርስ ጊዜ፣ ለፈረስ አንጀት ወደተዘጋጀ ዕጩ ትል ይለወጣል። ፈረሱም ሣር ሲግጥ ማይቱን ሳያውቅ ይውጠዋል፤ ማይቱ ሲፈጭ ዕጩ ትሉ ይለቀቅና ወደ ታች ተጉዞ በተለመደው በር ዙሪያ ይጣበቃል፤ በሁለት ወር ገደማ ውስጥም አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል።

ከዚህ ዑደት ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በረት ውስጥ ታስሮ ድርቆሽና እህል ብቻ የሚመገብ ፈረስ ከሚግጥ ፈረስ ያነሰ የመያዝ ዕድል ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ማይቶች የሚበዙት ሳይታረስ ለዓመታት በቆየ፣ እርጥበት ባለውና ሥሩ በወፈረ መስክ ላይ በመሆኑ፣ በአርቢው ዓይን እጅግ የተወደደው ለምለም ጨፌ ብዙ ጊዜ በትሉም ዘንድ ተመራጭ ነው። ማይቱ ከዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ መስኩን ለጥቂት ወራት ባዶ አድርጎ መተው እንቁላሉን ቢቀንስም በማይቱ ውስጥ የገባውን ዕጩ ትል አያጠፋም።

ትሎቹ በበሩ ዙሪያ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚሆነው ከጽዋዎቻቸው ይጀምራል። እያንዳንዱ ትል በተጣበቀበት ቦታ የአንጀቱ ስስ ውስጠኛ ሽፋን ወደ ጽዋው እየተሳበ ይቆስላል፤ በዙሪያውም ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ብግነት ይነሣል፤ ብግነት ማለት ሰውነት ጉዳትን ለመከላከል ሲል ቦታውን በደምና በተከላካይ ሕዋሳት ሞልቶ ማሳበጡ ነው። ጥቂት ትሎች ያደረሱት ቁስል በቀላሉ ሊድን ይችላል። ብዙዎች ጎን ለጎን ሲሰፍሩ ግን ቁስሎቹ ይገናኛሉ፤ የሞተ ሕዋስና የደረቀ ፈሳሽ በላያቸው ላይ እንደ ክዳን ይጋገራል፤ ከሥሩም ጠባሳ እየበዛ፣ የአንጀቱ ግድግዳ እየወፈረ፣ መጀመሪያም ጠባብ የነበረው መክፈቻ ይበልጥ እየጠበበ ይሄዳል። በሞቱ ፈረሶች አንጀት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች የጉዳቱ ክብደት ከትሎቹ ቁጥር ጋር እንደሚጨምር በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ከሃያ በላይ ትሎችን ለሕመም ሊያበቃ የሚችል ሸክም አድርገው ይቆጥሩታል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትሎች የተገኙባቸውም ፈረሶች አሉ።

ጉዳቱ በሚታየው ቁስል ብቻ አይወሰንም። አንጀት ምግቡን ወደፊት የሚገፋው በግድግዳው ውስጥ ባለ የራሱ የነርቭ መረብ እየተመራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የታተሙ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራዎች ደግሞ ብዙ ትል ባለባቸው ፈረሶች ዘንድ ለውጡ እስከ ጡንቻውና እስከዚህ የነርቭ መረብ ድረስ እንደሚዘልቅ አመልክተዋል። ይህ ግኝት ቀደም ሲል ግራ ያጋባ የነበረ ነገርን ለመረዳት ያግዛል። ትሎቹ ራሳቸው በሩን ለመድፈን የሚበቃ ክምችት ሳይኖራቸው፣ አንጀቱ ሥራውን የሚያጣው፣ የበሩ ጠባቂ ነርቭና ጡንቻ ስለተጎዱ ነው ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ ባለፈረሶች ቁርጠት ብለው የሚያውቁት ሕመም ነው። ቁርጠት የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የሆድ ሕመም ምልክት ነው፤ ፈረሱ ምግብ ይተዋል፣ መሬቱን በኮቴው ይጭራል፣ ወደ ጎኑ እየዞረ ሆዱን ያያል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል ይንከባለላል። ከኮሶ ትል ጋር የተያያዘው ቁርጠት በሦስት መልክ ይመጣል። ቀላሉ አንጀቱ ያለ ሥርዓት እየተኮማተረ የሚያመጣው ሲሆን፣ ይህ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ወይም በራሱ ይለቃል፤ ይሁንና በአንድ ፈረስ ላይ ተመልሶ ተመልሶ ሲመጣ ባለቤቱ መኖውን ወይም ውሃውን መወንጀል ይቀናዋል። ሁለተኛው የኢሊየም መደፈን ነው፤ ደረቅ መኖ በጠበበው መክፈቻ ላይ ተጠራቅሞ መንገዱን ይዘጋል። ሦስተኛውና አስፈሪው አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባት ነው፤ የተቆጣው ክፍል በኃይል ሲኮማተር ቀጥሎ ወዳለው ክፍል ይሳባል፣ ልክ የካልሲ ጫፍ ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ፤ ኢሊየም ወደ ዕውር አንጀት፣ ወይም ዕውር አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ሲገባ የደም ሥሮቹ ይታነቃሉ፣ ሥጋው ይሞታል፣ ፈረሱም ፈጣን ቀዶ ሕክምና ካላገኘ አይተርፍም። ይህ ሦስተኛው መልክ በወጣት ፈረሶች ላይ ይበዛል። የትሉ ስም ከጉዳት አልባነት መውጣት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት አንጀቶችን ሲከፍቱ ትሎቹን በስፍራው ደጋግመው በማግኘታቸው ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ቦታ አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም፤ ትሉ በጤነኞችም ውስጥ ስላለ፣ የታመሙትን ከጤነኞች ጋር ማነጻጸር የግድ ነበር። ይህንን በጥንቃቄ የሠራው በእንግሊዝ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ክሪስቶፈር ፕራድማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንጀት መኮማተር ከመጣው ቁርጠት 22 በመቶው፣ ከኢሊየም መደፈን ደግሞ 81 በመቶው ከኮሶ ትል ጋር የተያያዘ መሆኑን ገመቱ፤ የሕመሙ ዕድልም የትሉ ሸክም እየጨመረ በሄደ ቁጥር ይጨምር ነበር። ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከሸክሙ ጋር አብሮ የሚያድግ አደጋ በአጋጣሚ መገናኘት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ትሉን ብቸኛ ጥፋተኛ ማድረግም ስሕተት ነው። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሥራ፣ ለኢሊየም መደፈን ሁለት ነገሮች ተነጥለው ወጥተዋል፤ አንደኛው በዚያ አካባቢ በሰፊው የሚበቅለው የኮስታል ቤርሙዳ ሣር ድርቆሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በኮሶ ትል ላይ የሚሠራ መድኃኒት አለመሰጠቱ ነው። በጠበበው በር ላይ የትኛው መኖ እንደሚደርስም ስለዚህ ለውጥ ያመጣል።

ሕያው ፈረስ ትሉን መሸከሙንና አለመሸከሙን ማወቅ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ለሌሎች የአንጀት ትሎች የሚያገለግለው ፋንድያውን በማጉያ መሣሪያ መርምሮ እንቁላል የመቁጠር ዘዴ ለዚህ ትል ብዙ አይረዳም፤ እንቁላሎቹ በየዕለቱ ስለማይወጡና በክፍልፋዮቹ ውስጥ ተጠቅልለው በፋንድያው ውስጥ ያለ እኩልነት ስለሚበተኑ፣ የያዘ ፈረስ ንጹሕ መስሎ ያልፋል። ብዙ ፋንድያ ወስዶ በሚሽከረከር መሣሪያ አጣርቶ ማንሳፈፍ ነገሩን ያሻሽለዋል፤ በተለይ ብዙ ትል ያለባቸውን ለማግኘት ይጠቅማል። የሊቨርፑሉ ቡድን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1996 በደም ላይ የሚሠራ ምርመራ አወጣ፤ ይህ ትሉን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ትሉን ለመዋጋት የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። ጉድለቱ ትሉ ከሞተ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ለወራት በደም ውስጥ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህ አዎንታዊ ውጤት ትሉ አለ ከማለት ይልቅ ፈረሱ በቅርብ ጊዜ ከትሉ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የተሠራውና በምራቅ ላይ የተመሠረተው ምርመራ ደም መቅዳትን ያስቀራል፤ ባለቤቱም ናሙናውን ራሱ ወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ሊልክ ይችላል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ከሕክምና በኋላ ፈጥኖ ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እርጥብ የግጦሽ መስክና እጅግ ብዙ የጋማ ከብት ያሉባቸው ናቸው፤ በአህያ ብዛት አገሪቱ ከዓለም በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። ትሉ አህያንና በቅሎንም ስለሚይዝ፣ በኢትዮጵያ የሥራ አህዮች ላይ በተደረጉ የጥገኛ ትል ጥናቶች አኖፕሎሴፋላ ፐርፎሊያታ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። አህያ ሕመሟን የመደበቅ ጠባይ አላት፤ ፈረስ በሚንከባለልበት ደረጃ እርሷ አንገቷን ደፍታ ከመቆም አልፋ ምልክት ላታሳይ ትችላለች፤ ስለዚህ በጋሪና በጭነት ሥራ ላይ ያሉ እንስሳት ድንገተኛ ሞት ምን ያህሉ ከዚህ ትል ጋር እንደሚያያዝ ሆዳቸው ተከፍቶ ካልታየ በስተቀር ከውጭ አይነበብም። በጋራ መስክ የሚውል እንስሳ ፋንድያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሰበሰቡ ማንሳት፣ በአውሮፓ የፈረስ እርባታዎች እንደሚመከረው፣ እዚህ በቀላሉ የሚሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ፋንድያውን ለማገዶና ለማዳበሪያ የሚለቅም ቤተሰብ ሳያስበው የትሉን እንቁላል ከመስኩ ያነሳል። ከብትና በግ አብረው መጋጣቸውም ጥቅም አለው፤ የፈረስ ኮሶ ትል በእነርሱ አንጀት ስለማያድግ፣ የዋጡት ዕጩ ትል በዚያው ይጠፋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ የተለመደው ስሕተት ለትል የተሰጠ ሁሉ ለሁሉም ትል ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። በጋማ ከብት ላይ በሰፊው የሚሰጡት አይቨርሜክቲንና ሞክሲዴክቲን በድቡልቡል ትሎች ላይ ብርቱ ቢሆኑም የኮሶ ትልን አይነኩም፤ ስለዚህ በየጊዜው አይቨርሜክቲን የተሰጠው ፈረስ የትል ሕክምና አልጎደለበትም ተብሎ እየተዘገበ ኮሶው በቦታው ይቆያል። የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ፕራዚኳንቴል፣ በኢትዮጵያ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ለሰዎች የሚታደለው መድኃኒት፣ በትሉ ሰውነት ውስጥ ካልሲየምን አናግቶ ጡንቻውን ያኮማትረዋል፣ ቆዳውንም ያበላሸዋል፤ ለፈረስ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 1 ወይም 1.5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ፓይራንቴል ደግሞ ለድቡልቡል ትሎች ከሚሰጠው በእጥፍ ሲሰጥ የኮሶ ትሉን ያሽመደምደዋል። ብዙ ትል የተሸከመ ፈረስ ከሕክምናው በኋላ ቀላል ቁርጠት ሊታይበት ስለሚችል፣ በዚያ ቀን ያለ ተመልካች ባይተው ይመረጣል።

ቀድሞ በየሁለትና በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መስጠት እንደ ጥሩ አርቢነት ይቆጠር ነበር። አሁን የአሜሪካ የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለኮሶ ትል በዓመት አንድ ጊዜ፣ የግጦሹ ወቅት ሲያልቅና ዓመቱን ሙሉ የተከማቸው ትል በአንጀት ውስጥ ሳለ፣ መስጠትን ይመክራል። ምክንያቱ መድኃኒቱ ውድ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ በተደጋገመ ቁጥር ትሉ ሊለምደው የሚችል መሆኑም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት በአንድ የፈረስ እርባታ ፕራዚኳንቴልም ፓይራንቴልም ትሉን ማጥፋት እንዳልቻሉ የሚያሳይ ሥራ ታትሟል። በፈረስ ኮሶ ትል ላይ የሚሠራ ሦስተኛ የመድኃኒት ዓይነት በገበያ ላይ ስለሌለ፣ መድኃኒት ከሰጡ በኋላ ፋንድያውን ወይም ምራቁን ደግሞ መመርመር፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ፈረስንም ከመስኩ ከመቀላቀሉ በፊት ለይቶ ማከም፣ ጠቃሚ ጥንቃቄ ነው።